ስታለቅስ ግራ እጇ የሚዝለው ልጅ፦ የሞያሞያ በሽታ ምልክቶችና የአንጎል ምስል ምርመራው

ከሐይቅ አካባቢ የደረሰን ጥያቄ የሚከተለው ነው፦ «የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ስታለቅስ ወይም የቡና ከሰል እፍ ስትል ግራ እጇ ይዝላል፤ የያዘችው ዕቃ ከእጇ ይወድቃል፣ አፏም ትንሽ ይንሻፈፋል። አምስት ወይም አሥር ደቂቃ ቆይቶ ይለቃታል። አንድ ጊዜ ደግሞ የያዛት ቀኝ እጇን ነበር። ጤና ጣቢያ ‹የሚጥል በሽታ ነው› ተብሎ ፌኖባርቢታል ተጀመረላት፤ ለውጥ ግን አላየንም። ደሴ ላይ ሲቲ ስካን ተነስታ ‹ምንም የለም› ተባለ። በቅርቡ አዲስ አበባ ኤምአርአይ ስትነሳ ‹ሞያሞያ ሊሆን ይችላል፤ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል› የሚል ወረቀት ሰጡን። የእናቷ ወገን ጠበል ትጠመቅ ይላል፣ የአባቷ ወገን ወዳጃ ይደረግላት ይላል። ይህ የጃፓኖች በሽታ ነው የሚባለው እውነት ነው? ሲቲው ምንም የለም ካለ ኤምአርአዩ ተሳስቶ ይሆን? በአስፒሪን ይድናል የሚሉንም አሉ። ታናሽ ወንድሟስ መመርመር አለበት?»

ስለ ሁለቱ ምርመራዎች የጠየቁትን አስቀድሜ እመልሳለሁ፤ ይህ ካልተቃና የቀረው ሁሉ ይጣመማልና። ሲቲውና ኤምአርአዩ አይጋጩም። ያለ ኮንትራስት (ደም ሥሮችን አጉልቶ የሚያሳይ፣ በመርፌ የሚሰጥ ፈሳሽ) የሚነሳ ሲቲ ስካን አንጎል ውስጥ ደም ፈስሶ እንደሆነ፣ ዕጢ እንዳለ፣ ወይም ሰፋ ያለ የአንጎል ክፍል በደም እጦት ሞቶ እንደሆነ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይናገራል፤ ወደ አንጎል ደም የሚያደርሱት ሥሮች ውስጣቸው ጠቦ እንደሆነ ግን አያሳይም። የልጅቷ እጅ ዝሎ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የሚመለስ ከሆነ፣ እጇን የሚያዝዘው የአንጎል ክፍል ለጊዜው ደም አጠረው እንጂ አልሞተም፤ ስለዚህ በሲቲ የሚታይ ጠባሳ ላይኖር ይችላል። «ምንም የለም» የተባላችሁት በትክክል ሲነበብ «ደም አልፈሰሰም፣ ትልቅ ጠባሳም የለም» ማለት ነው። መልካም ዜና ነው፤ ሥሮቿ ጤነኛ ናቸው የሚል ማረጋገጫ አድርጋችሁ ግን አትውሰዱት።

ሞያሞያ የሚባለው ሕመም የሚጀምረው የውስጠኛው ካሮቲድ ተብለው ከሚጠሩት፣ በአንገት ግራና ቀኝ ወደ አንጎል ከሚወጡት ሁለት ትልልቅ ደም ቅዳዎች ነው። እነዚህ ሥሮች የራስ ቅል ውስጥ ከገቡ በኋላ ወደ ፊትና ወደ ጎን የሚሄዱ ቅርንጫፎችን ከሚያወጡበት ጫፍ ላይ ቀስ በቀስ እየጠበቡ ይዘጋሉ። የሚጠቡት የውስጥ ግድግዳቸው እየወፈረ ስለሚመጣ ነው፤ በዕድሜ በገፉ ሰዎች ላይ እንደምናየው ስብ ስለተጋገረባቸው አይደለም። መዘጋቱ አዝጋሚ በመሆኑ አንጎል ማካካሻ ለማበጀት ጊዜ ያገኛል፦ በአንጎል ወለል አካባቢ ያሉ፣ ከክር የቀጠኑ ሥሮች እየሰፉና እየበዙ የትልቁን ሥር ሥራ ለመረከብ ይሞክራሉ። የእነዚህ ቀጫጭን ሥሮች ጥልፍልፍ በአንጂዮግራፊ (የደም ሥር ምርመራ) ፊልም ላይ ጠርዙ እንዳልለየ ጭስ ስለሚታይ በሽታው የጃፓንኛ ስሙን ከዚሁ አግኝቷል። መጀመሪያ የተዘገበው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው፤ ስሙ የጸናው ሱዙኪና ታካኩ የተባሉ ጃፓናውያን ሐኪሞች በ1969 ባወጡት ጽሑፍ ነው።

የጃፓኖች በሽታ ነው የሚባለው እንግዲህ ግማሽ እውነት ነው። በጃፓንና በኮሪያ ከሌላው ዓለም ይልቅ በብዛት ይገኛል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ከበሽታው ጋር ተያይዞ የተለየው አርኤንኤፍ 213 የተባለ ዘረ መል ላይ ያለው ዋነኛ ለውጥም የምሥራቅ እስያ ሕዝቦች መለያ ነው። ነገር ግን በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በአፍሪካም ተመዝግቧል። ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ባሉ ልጆችና በአርባዎቹ ዕድሜ ባሉ ጎልማሶች ላይ ይበረታል፤ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን እጥፍ በሚጠጋ መጠን ይይዛል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ሴት፣ ሁለቱንም እጆቿን በየተራ የሚያዝላት፦ የወሎ ልጅ ናት ተብሎ ጥርጣሬው ሊጣል አይገባም።

ከደብዳቤዎ ውስጥ ከሁሉ በላይ ዓይኔን የያዘው የከሰሉ ነገር ነው። ሰው ሲያለቅስ ወይም እሳት እፍ ሲል አብዝቶና አፍጥኖ ስለሚተነፍስ ከደሙ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከልክ በላይ ይወጣል። የአንጎል ደም ሥሮች ለዚህ ጋዝ እጅግ ስሱ ናቸው፤ ሲበዛ ይሰፋሉ፣ ሲያንስ ይጠባሉ። ጤነኛ ልጅ ከሰል ስታቀጣጥል ይህ መጥበብ ቢበዛ ትንሽ ቢያዞራት ነው። ሞያሞያ ባለባት ልጅ ግን ከተዘጋው ሥር በስተ ማዶ ያለው የአንጎል ክፍል ዘወትር የሚኖረው በመጨረሻው መጠባበቂያ ነው፤ ሥሮቹ ሊሰፉ የሚችሉትን ያህል አስቀድመው ሰፍተዋልና ሌላ የሚያወጡት አቅም የላቸውም። በዚያ ላይ ጥቂት መጥበብ ሲጨመር የሚደርሰው ደም ከሚያስፈልገው በታች ይወርዳል፤ የከሰል ማንደጃው አጠገብ የተቀመጠችው ልጅ እጇ ይዝልና ማራገቢያው ወይም ስኒው ይወድቃል፤ ትንፋሿ ሲረጋጋ ጋዙ ይመለሳል፣ እጇም ይመለሳል። የሕክምና መጻሕፍት ምሳሌ የሚያደርጉት ትኩስ ምግብን እፍ እያሉ መብላትንና የትንፋሽ የሙዚቃ መሣሪያ መጫወትን ነው። በእኛ ቤት ከሰል ማቀጣጠል፣ ትኩስ አጥሚት እፍ ማለት፣ ፊኛ መንፋት፣ ዋሽንት መንፋት ያው ናቸው። የልጅ እጅ መዛልን የሚመረምር የአገራችን ሐኪም ሁሉ «እሳት እፍ ስትል ምን ትሆናለች?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ጥያቄው ገንዘብ አያስወጣም፣ የሚሰጠው ፍንጭ ግን ትልቅ ነው።

ጤና ጣቢያው የሚጥል በሽታን መጠርጠሩ ከመሬት የተነሳ አይደለም፤ ሆኖም የነገሩ መልክ ይለያል። ከአንድ የአንጎል ክፍል የሚነሳ የሚጥል ሕመም አብዛኛውን ጊዜ እጅን ያንቀጠቅጣል ወይም ያንፈራግጣል፤ መንቀጥቀጡ ከጣት ወደ ክንድ ወደ ፊት ሊዛመት ይችላል፤ እጅ ቢዝልም የሚዝለው መንቀጥቀጡ ካለፈ በኋላ ነው። የደም ማጠር ግን ሳያንቀጠቅጥ ከመጀመሪያው ያዝላል፤ ልጅቷ እያወቀች፣ እየሰማች፣ እጇ ብቻ አልታዘዝ ይላታል። ያም ሆኖ ሞያሞያ ራሱ የሚጥል ሕመምን ሊያመጣ ስለሚችል ሁለቱ በአንድ ልጅ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። ስለዚህ ፌኖባርቢታሉን በራሳችሁ ፈቃድ አታቋርጡ፤ በድንገት ሲቋረጥ ራሱ ከባድ መንፈራገጥ ሊያስከትል ይችላል፤ መቀነስ ካለበት ሐኪም ቀስ በቀስ ይቀንሰዋል። በሚቀጥለው ጊዜ ምልክቱ ሲመጣ አንድ ሰው በስልኩ ቪዲዮ ይቅረጸው፤ የሃያ ሰከንድ ቪዲዮ ለነርቭ ሐኪም ከረጅም ትረካ ይልቅ ይጠቅመዋል። ምልክቱን ሆን ብሎ ለመቅረጽ ግን ልጅቷን ማስለቀስም ሆነ እሳት እፍ ማሰኘት ፈጽሞ አይገባም።

ይህ መዝለፍለፍ በሄደ ቁጥር «አለፈላት» ተብሎ መረሳቱ ትልቁ አደጋ ነው። እያንዳንዱ ክስተት አንጎሏ በጠባብ ድንበር ላይ መቆሙን ይናገራል፤ ትኩሳት፣ ተቅማጥ ወይም ረጅም የውሃ ጥም ያጋጠማት ቀን ያው ምልክት ሳይመለስ ቀርቶ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። ከእጅ መዛል ሌላ ልጆች ላይ የሚታዩት ምልክቶች በተለይ ጠዋት ጠዋት የሚነሳ ራስ ምታት፣ ለአጭር ጊዜ ንግግር መጥፋት፣ በትምህርት ቀስ በቀስ ወደ ኋላ መቅረት፣ አንዳንዴም እጅና እግር ያለ ፈቃድ መወራጨት ናቸው። የመጨረሻውን ስናይ በአገራችን ቀድሞ የሚታሰበው ልብንም የሚጎዳው የቁርጥማት ትኩሳት ነው፤ መታሰቡም ትክክል ነው፤ ግን ልቧ ተመርምሮ ምንም ካልተገኘ የአንጎል ሥሮችንም ማየት ይገባል። ከሦስትና አራት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ላይ በሽታው ይፈጥናል፤ ብዙ ጊዜ የሚገለጠውም በቀጥታ በስትሮክ ነው።

ጎልማሶች ላይ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የትልቁን ሥር ሥራ የተረከቡት ቀጫጭን ሥሮች ለዓመታት ከአቅማቸው በላይ ደም ስለሚሸከሙ ይፈነዳሉ። የደም ግፊት የሌለባት የአርባ ዓመት ሴት በድንገተኛ ራስ ምታትና ትውከት ወድቃ ሲቲ ስካኑ በአንጎል ፈሳሽ ክፍሎች ውስጥ ደም ካሳየ ሞያሞያ ሊታሰብ ይገባል።

አሁን ወደ ምስሉ ልምጣ። ኤምአርአይ አንድ ፎቶ አይደለም፤ አንዱን አንጎል በተለያየ መንገድ የሚያሳዩ የበርካታ ክፍሎች ስብስብ ነው፤ ለዚህ በሽታ እያንዳንዱ ክፍል የየራሱ ጥቅም አለው። ዲፍዩዥን የሚባለው ክፍል ባለፉት ጥቂት ቀናት ውስጥ በደም እጦት የተጎዳ ቦታ ካለ አብርቶ ያሳያል። ቲ ሁለት በሚባለው ክፍል ላይ በፍጥነት የሚፈስ ደም ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ስለዚህ ጤነኛ ልጅ ላይ የካሮቲድ ጫፍና ቅርንጫፎቹ በአንጎል ወለል ላይ ወፍራም ጥቁር ነጥብና መስመር ናቸው። ሞያሞያ ሲኖር እነዚያ መስመሮች ይቀጥናሉ ወይም ይጠፋሉ፤ በምትካቸው በአንጎል ውስጠኛ ክፍል፣ መደበኛ ሥር ሊታይበት በማይገባ ቦታ፣ በርካታ ደቃቅ ጥቁር ነጥቦች ተበትነው ይገኛሉ። ፍሌር የሚባለው ክፍል ደግሞ በአንጎል ላይ ባሉት ሸለቆዎች ውስጥ የሚያበሩ ቀጫጭን መስመሮችን ያሳያል፤ ራዲዮሎጂስቶች የሐረግ ምልክት የሚሉት ይህን ነው፤ ደም በአንጎል ወለል ላይ እየተንቀራፈፈ ከሩቅ ዞሮ መምጣቱን ያመለክታል። በወረቀታችሁ ላይ ስለ ሐረግ ምልክት ወይም ስለ ጠፉ የደም ጥላዎች የተጻፈ ነገር ካለ ጥርጣሬው የተመሠረተው በእነዚህ ነው። አሮጌ ጠባሳዎች ካሉ ብዙ ጊዜ የሚገኙት በሁለት ትልልቅ ሥሮች ግዛት ድንበር ላይ ነው፤ ደም ሲያጥር መጀመሪያ የሚጠማው ከሁለቱም ምንጭ የራቀው ቦታ ነውና።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ አንጎሉን እያዩ ስለ ሥሩ መገመት ነው። ሥሩን ራሱን የሚያሳየው ኤምአር አንጂዮግራፊ፣ በአጭሩ ኤምአርኤ፣ ነው። በዚያው በኤምአርአይ መሣሪያ ይሠራል፣ ጨረር የለውም፣ ዋነኛው ዓይነት ኮንትራስት መርፌም አያስፈልገውም። ልጅቷ የተነሳችው ኤምአርአይ ይህን ክፍል ይጨምር እንደሆነ ወረቀቱ ላይ ይፈልጉ፤ ከሌለ ቀጣዩ ምርመራ እሱ ነው። የግራና የቀኝ ካሮቲድ ጫፍ በግልጽ ጠቦ ወይም ተዘግቶ፣ በዙሪያውም ያ የቀጫጭን ሥሮች ጥልፍልፍ ከታየ፣ በተለይ ልጅ ላይ፣ ሌላ ምክንያት እስካልተገኘ ድረስ ምርመራውን ለመወሰን ይበቃል። ኤምአርኤ አንድ ድክመት አለው፦ ደም ሲዘገይ ሥሩን ከእውነቱ በላይ የጠበበ፣ አንዳንዴም ጭራሽ የተዘጋ አስመስሎ ያሳያል። ኤምአርኤ በቅርብ ካልተገኘ ሲቲ አንጂዮግራፊ ይተካዋል፤ ደሴ የተነሳችው ዓይነት ሲቲ ሆኖ በክንድ ሥር ኮንትራስት እየተሰጠ በፍጥነት ይነሳል፤ ጨረርና ኮንትራስት ስላለው ግን በልጅ ላይ ያለ ምክንያት አይደጋገምም።

ከሁሉ የጠራው ምስል የካቴተር አንጂዮግራፊ ነው። ቀጭን ቱቦ ከብሽሽት ወይም ከእጅ አንጓ ባለው ደም ቅዳ ገብቶ አንገት ድረስ ይደርስና ኮንትራስት እየተረጨ እያንዳንዱ ሥር ለብቻው ይታያል። በዚህ ሕመም የሚታዩት ሁለቱ የውስጠኛ ካሮቲዶች ብቻ መሆን የለባቸውም፤ ለራስ ቆዳና ለፊት ደም የሚሰጡት ሁለቱ የውጭ ካሮቲዶችና ከኋላ የሚመጡት ሥሮችም መታየት አለባቸው፤ ቀዶ ሐኪሙ ወደ አንጎል የሚያዞረው ከውጭው ካሮቲድ የሚመጣውን ሥር ስለሆነ። ሱዙኪ የሕመሙን ጉዞ በስድስት ደረጃ የከፈለው በዚህ ምርመራ ላይ ተመሥርቶ ነው። በመጀመሪያው ደረጃ የካሮቲድ ጫፍ ብቻ ይጠባል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ጭሱ ይነሳል፣ ይበረታል፤ ከአራተኛው ጀምሮ እየሳሳ ይሄዳል፤ በስድስተኛው ፈጽሞ ይጠፋል። እዚህ ላይ ቤተሰብ ቀርቶ የሕክምና ተማሪም ይስታል፦ ጭሱ መጥፋቱ መዳን ይመስላል። እውነቱ የውስጠኛው ካሮቲድ ፈጽሞ መዘጋቱና አንጎል ከውጭ ካሮቲድና ከኋላ በሚመጣ ደም ብቻ መኖሩ ነው። ይህ ምርመራ ትንሽ ቢሆንም እውነተኛ የስትሮክ አደጋ ስላለው፣ ኤምአርኤው ግልጽ ከሆነ ለማረጋገጫ ብቻ ተብሎ ባይሠራ እመርጣለሁ፤ ቀዶ ሕክምና ሲታቀድ ግን ያስፈልጋል። የአንጎልን የደም መጠባበቂያ የሚለኩ ሌሎች ምርመራዎችም አሉ፤ የትኛው ጎን ቀድሞ ይሠራ ለሚለው ይረዳሉ፤ ስለሌሉ ግን ሕክምና አይዘገይም።

የአንጎል ኤሌክትሪክ ምርመራ፣ ኢኢጂ፣ ከታዘዘ አንድ ነገር አስቀድማችሁ ተናገሩ። በዚህ ምርመራ ወቅት ባለሙያው ልጆችን ለጥቂት ደቂቃ በፍጥነት እንዲተነፍሱ ያዝዛል። ሞያሞያ ለተጠረጠረባት ልጅ ይህ ከሰሉን እፍ ከማለት አይለይም፤ ምልክቱን ሊቀሰቅስ፣ ስትሮክም ሊያስከትል ይችላል። «ሞያሞያ ተጠርጥሯል፤ አፍጥና እንድትተነፍስ አታድርጓት» ማለት መብታችሁ ነው።

የጠበቡ ሥሮች መታየታቸው ብቻ ደግሞ ነገሩን አይቋጭም፤ ያንኑ ምስል የሚያመጡ ሌሎች ሕመሞች አሉና። የቲቢ ማጅራት ገትር በአንጎል ወለል ያሉትን ሥሮች ያጠባል፤ በአገራችን ቀድሞ ሊገለል የሚገባው እሱ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስና ለሳምንታት የዘለቀ ራስ ምታት አብረውት ይኖራሉ፣ በኮንትራስት የተነሳው ኤምአርአይም የአንጎልን ሽፋን አብርቶ ያሳያል። ጉድፍ በሚባለው ውሃ የቋጠረ ሽፍታ የተያዘ ልጅ በተከታዮቹ ወራት የአንድ ጎን ሥሩ ሊጠብ ይችላል፤ ይህ ግን በአብዛኛው በአንድ ጎን ተወስኖ ይቆማል። ሲክል ሴል የተባለው የደም በሽታ፣ የዳውን ሁኔታ፣ የታይሮይድ መብዛት፣ ቀደም ሲል ለጭንቅላት የተሰጠ የጨረር ሕክምና፣ እንዲሁም በቆዳ ላይ ስድስትና ከዚያ በላይ ቡናማ ጠፍጣፋ ምልክቶች የሚያወጣው ኒውሮፋይብሮማቶሲስ የሞያሞያን መልክ ያመጣሉ። ስለዚህ የደም ምርመራ፣ የታይሮይድ ምርመራ፣ ልብስ አውልቆ ቆዳን ማየትና የልብ አልትራሳውንድ ከምስሉ እኩል አስፈላጊ ናቸው። የልቡ ምርመራ የሚታዘዘው በእኛ ዘንድ የወጣት ስትሮክ ብዙ ጊዜ ከተጎዳ የልብ በር በሚነሳ የረጋ ደም ስለሚመጣ ነው።

አስፒሪን አያድንም። የተዘጋውን ሥር የሚከፍት፣ የበሽታውን ጉዞም የሚያቆም መድኃኒት እስከ ዛሬ የለም። በጠበበው ሥር ውስጥ ደም እንዳይረጋ ለመከላከል አስፒሪን በትንሽ መጠን ይሰጣል፤ መጠኑን በልጅቷ ክብደት የሚወስነው ሐኪም ነው። ደም መፍሰስ አለመኖሩ በምስል ሳይረጋገጥ አይጀመርም። ልጅቷ ኢንፍሉዌንዛ ወይም ጉድፍ ሲይዛት አስፒሪን ለጉበትና ለአንጎል አደገኛ የሆነ ሕመም ሊያስከትል ስለሚችል በዚያን ጊዜ ወዲያውኑ ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል። ሥሩን በፊኛ ማስፋት ወይም ስቴንት (ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ የሽቦ ቱቦ) ማስገባት ለልብ ሥር እንደሚሠራው የሚያስቡ አሉ፤ በዚህ በሽታ ግን ሥሩ ተመልሶ ስለሚጠብ አይመከርም።

ውጤቱ የታወቀው ሕክምና ደም በሌላ መንገድ እንዲደርስ የሚያደርግ ቀዶ ሕክምና ነው። በአንደኛው ዓይነት በጆሮ ግንድ በኩል ለራስ ቆዳ ደም የሚያደርሰው ሥር በቀጥታ ከአንጎል ሥር ጋር በስፌት ይገናኛል፤ ደሙ በዚያው ቀን ይደርሳል፣ ነገር ግን የልጅ ሥር ቀጭን ስለሆነ ሥራው ረቂቅ ነው። በሁለተኛው ዓይነት ያው ሥር ወይም የጡንቻ ቁራጭ በአንጎል ገጽ ላይ ተነጥፎ ይቀመጣል፤ ከእሱ አዳዲስ ሥሮች በሦስትና አራት ወራት ውስጥ እያደጉ ወደ አንጎል ይገባሉ። የልጆች አንጎል እነዚህን አዳዲስ ሥሮች በደንብ ስለሚቀበል ለእነሱ ሁለተኛው ዓይነት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ደም ለፈሰሰባቸው ጎልማሶችም እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ የሆነ የጃፓን ጥናት ቀጥተኛው ስፌት ዳግም የመፍሰስን አደጋ በዓመት ከመቶ 7.6 ወደ 2.7 እንዳወረደው አሳይቷል። ወሰኑንም ልናገር፦ ቀዶ ሕክምናው የሞተ የአንጎል ክፍልን አያስነሳም፣ የተዘጋውን ሥርም አይከፍትም፤ በቀዶው ሰሞን ራሱ ስትሮክ ሊያጋጥም ይችላል። የሚከላከለው የሚመጣውን ነው፤ ስለዚህም ከስትሮክ በፊት ሲሠራ ያለው ጥቅምና ከስትሮክ በኋላ ሲሠራ ያለው ጥቅም ሰፊ ልዩነት አላቸው።

ለማናቸውም ምርመራ ወይም ቀዶ ሕክምና ስትሄዱ ከባዱ ጊዜ ዋዜማው ነው። ማደንዘዣ የሚሰጥ ከሆነ ልጅቷ ከሌሊት ጀምሮ እንዳትበላና እንዳትጠጣ ትደረጋለች፤ ተራዋ ዘግይቶ ከሰዓት በኋላ ከሆነ ተጠምታ፣ ፈርታና እያለቀሰች ትገባለች፤ ይህ ለእሷ ሦስት አደጋ በአንድ ላይ ነው። ተራዋ የጠዋቱ የመጀመሪያው እንዲሆን፣ መጠጣት ካቆመችበት ጊዜ ጀምሮ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ እንዲንጠለጠልላት፣ መርፌውን ከመወጋቷ በፊት የሚያደነዝዝ ቅባት ካለ እንዲደረግላት፣ እናቷም እስከ በሩ አብራት እንድትሄድ ጠይቁ። ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ የበሽታውን ስም አስቀድሞ መስማት አለበት፤ የደም ግፊቷ እንዳይወርድ፣ ትንፋሿም እንዳይፈጥን የሚጠብቀው እሱ ነው።

ቤት ውስጥ እስከዚያው የሚደረገው ቀላል ቢመስልም ቁም ነገር አለው። ከሰል እፍ ማለት ከዛሬ ጀምሮ የእሷ ሥራ አይሁን፤ ማራገቢያም ቢሆን ሌላ ሰው ይያዘው። ቀኑን ሙሉ ውሃ ትጠጣ፤ ወደ ኮምቦልቻና ባቲ ሙቀት ከወረደች ይጨመርላት፤ ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዛት ኦአርኤስ ወዲያው ይጀመር፣ መጠጣት ካልቻለች በደም ሥር ፈሳሽ እንዲሰጣት ወደ ጤና ተቋም ትወሰድ። ልጆች «እስከ ስድስት ሰዓት» እያሉ የሚለማመዱት ጾም፣ የፍልሰታም ሆነ የረመዳን፣ ለእሷ ይቅር። ጠበሉንና ወዳጃውን በተመለከተ ከሁለቱም ወገን ጋር የምጣላበት ምክንያት የለኝም፤ ወዳጃ ላይ ተቀምጣ መመረቋም፣ ጠበል መጠጣቷም አይጎዳትም። የምከለክለው በማለዳ ባዶ ሆዷን በቀዝቃዛ ውሃ እያስለቀሱ ማጥመቅን፣ በዚያ ሳቢያ መድኃኒት ማቋረጥንና ቀጠሮ ማሳለፍን ነው። መምህሯም ይወቅ፤ ስታለቅስ የሚያረጋጋት እንጂ የሚቆጣት ሰው አይኑር። እጇ ሲዝል በጀርባዋ አስተኝታችሁ አረጋጓት፤ ካልተመለሰ፣ ንግግሯ ከጠፋ፣ ብርቱ ራስ ምታትና ትውከት ከመጣ፣ ወይም መንፈራገጥ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት።

ምክሬ አንድ ነው፤ በወራት ሳይሆን በሳምንታት ውስጥ መፈጸም አለበት። ከደሴ ሆስፒታል ሪፈር አጽፉ፤ የጤና መድህን ካላችሁ መንገዱን ያቀላል። አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳን የመሰለ፣ የነርቭ ሐኪምና የአንጎል ቀዶ ሐኪም በአንድ ጣሪያ ሥር ያሉበት ሆስፒታል ድረሱ። ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን የሲቲውንና የኤምአርአዩን ሲዲ፣ የስልኩን ቪዲዮ፣ የፌኖባርቢታሉን ማሸጊያ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ የሚያየው ምስሉን ነው፣ የሌላውን አስተያየት አይደለም። ኤምአርኤ ካልተሠራ ይሠራ፤ በሁለቱም ጎን ከተረጋገጠ ቀዶ ሕክምናው ይታቀድ። ቀዶ ሐኪሙን «ይህን ቀዶ ሕክምና በልጆች ላይ ምን ያህል ሠርተዋል? እዚህ የማይሠራ ከሆነስ ወዴት ይልኩናል?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ጥያቄው ድፍረት አይደለም፣ ጥሩ ሐኪምም አይቀየምበትም።

ታናሽ ወንድሟን በተመለከተ፣ በምሥራቅ እስያ ከመቶ ከ10 እስከ 15 የሚሆኑት ሕሙማን ከቤተሰባቸው ሌላ ሕመምተኛ ስላላቸው እዚያ እህትና ወንድምን መመርመር የተለመደ ነው። የእናንተ ልጅ ሕመም ተረጋግጦ ወንድሟ ሲያለቅስ የሚዝል እጅ፣ ተደጋጋሚ የጠዋት ራስ ምታት ወይም መንፈራገጥ ካለበት ኤምአርኤ ይነሳ። ምንም ምልክት ከሌለው ግን የዘረ መል ምርመራ አያስፈልገውም፤ ያላችሁ ገንዘብ አሁን ለእህቱ ምርመራና ለአዲስ አበባው ጉዞ ይዋል።